በማንኪራ የቀባኋቸው ስምንት ቀፎዎች

ከቦንጋ ከተመለስኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ሱቄ የሚመጣው ሁሉ «ጋሽ ግርማ፣ እስቲ ስለ ካፋ አውራን» ይላል። እኔ ደግሞ ወሬ የምጠላ ሰው አይደለሁም። ግን እስካሁን ያወራሁት የለበስኩትንና የተጨበጨበልኝን ብቻ ነው፤ ቀሪውን እየዘለልኩ ነው የቆየሁት። የዘለልኩት ነገር ሆዴ ውስጥ አልተኛ ስላለኝ ይኸው ጻፍኩት። ወደዚያ አገር የማትሄዱ ሰዎች መንገዱንም ምግቡንም ታገኙበታላችሁ። እኔንም ታገኙኛላችሁ፣ ምን ላድርግ።

ለማያውቀኝ ሰው፦ አዳማ ውስጥ ታፔላ እጽፋለሁ፣ ግድግዳ ላይ እሥላለሁ፣ ለወላጆች ቀንና ለሠርግ ልዩ ልዩ አልባሳት እሰፋለሁ። ያስተማረኝ የለም፤ ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። አዳማ ሥጋ ቤት በር ላይ የሚስቅ በሬ ካያችሁ የእኔ ሥራ ነው። ሌላ ሠዓሊ የሣለው በሬ ዝም ብሎ ይቆማል፤ የእኔ ቢላዋውን እያየ ይስቃል። ዘንድሮ ሃምሳ ዓመት ሞላኝ። ሃምሳኛ ዓመቴን ኬክ ቆርጬ ላሳልፍ ብል ለእኔ ዓይነቱ ሰው አነሰብኝ።

ምሕረት የምትባል የካፋ ልጅ አለች። ተማሪ ሳለች ግቢያችን ተከራይታ ነበር፤ አሁን ቦንጋ ቢሮ ትሠራለች። ስልክ ደውላ «ጋሽ ግርማ፣ የዘመን መለወጫ ሰልፋችን ላይ ሰው ሁሉ ለብሶ አጊጦ ነው የሚወጣው። የእንግዶች ፕሮግራምም አለ። በኮሚቴው ላስመዝግብዎት?» አለችኝ።

«አስመዝግቢኝ። ንጉሥ ሆኜ ነው የምመጣው።»

«የማን ንጉሥ?»

«የራሴ።»

ሳቀች። እኔ አልቀለድኩም ነበር።

የመጀመሪያው ቀን

ማልጄ ከአዳማ ተነሳሁ። አዲስ አበባ ላይ የጅማን አውቶቡስ ያዝኩ። ሻንጣዬ ውስጥ ከወርቃማ መጋረጃ የሰፋሁት ካባ አለ፤ ደረቱ ላይ በሠላሳ አሮጌ ሲዲ መስታወት መስታወት አስመስዬዋለሁ። ዘውዱ ግን ለብቻው በትልቅ ሣጥን ነው። ከካርቶን የተሠራ ሲሆን አራት ፎቅ አለው።

የአውቶቡሱ ረዳት ሣጥኑን አየና «ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ዘውድ ነው።»

«ዘውድ ከሆነ ላይ ይውጣ። ታች የሰው ቦታ ነው።»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ፤ እኔም ሳቅኩ። ሣጥኑ ፖርቶ መጋላው ላይ ታሰረ። ጊቤን ተሻግረን ሽቅብ ስንወጣ ዝናብ ያዘን። የአዳማ ዝናብ እንደ እንግዳ ነው፤ ይመጣል፣ ትንሽ ይቀመጣል፣ ይሄዳል። ይሄኛው ግን የቤቱ ባለቤት ነው። ጅማ እስክንገባ አልተነሳም።

አልጋ ቤት ገብቼ ሣጥኑን ስከፍት አራቱ ፎቅ አንድ ፎቅ ሆኖ ጠበቀኝ። ጫፎቹ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተኝተዋል። ወርቁ ቀለም ሸሚዜ ላይ ወረደ። የአልጋ ቤቱ ሴትዮ አይታኝ ምንም ሳትጠይቅ አንድ ባልዲ ሙቅ ውሃና ሳሙና አመጣችልኝ። አዳማ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የባልዲውን ዋጋ ነበር የምንነጋገረው።

ሁለተኛው ቀን

ከጅማ ቦንጋ በሚኒባስ። መንገዱ ወደ ጎጀብ ወንዝ ቁልቁል ይወርድና መልሶ ሽቅብ ይወጣል፤ ስትወርድ ይሞቅሃል፣ ስትወጣ ይበርድሃል። እኛ አዳማ አቧራ ለምደን ዛፍ ስናይ ጥላ ሥር ማን መኪና አቁሟል ብለን ነው የምናስበው። እዚያ ዛፉ ከመንገዱ በላይ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ልብሴ ርጥብ መሆኑን አይተው ነጠላቸውን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉልኝና እንቅልፋቸውን ቀጠሉ።

ቦንጋ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ባጃጁ ሲወጣ ያቃስታል፣ ሲወርድ ይጸልያል። ምሕረት መናኸሪያ ጠበቀችኝ። ሣጥኑን ከፍታ አየችና መልሳ ዘጋችው።

«ተናገሪ» አልኳት።

«ጋሽ ግርማ፣ ይሄ ከታጠበ በኋላ ነው ወይስ በፊት?»

ሌላ ዘውድ መሥራት ነበረብኝ። ካርቶን የሚባል ነገር ደግሞ በዚያ ዝናብ አልነካም ብዬ ማልኩ። ለማንኛውም ቀለም ልግዛ ብዬ ገበያው ዳር ሸምሱ የሚባል ነጋዴ ሱቅ ወሰደችኝ። ሸምሱ የስልጤ ሰው ነው፤ ሃያ ዓመት ቦንጋ ኖሯል። በፊት ለፊት ቀለምና ምስማር ይሸጣል፣ በጓሮ ማር በበርሜል ይገዛል። ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ የዘይት ቀለም፣ ከዚያ ቫርኒሽ ገዛሁ።

«ቤት ልታድስ ነው?» አለኝ።

«ዘውድ ልሠራ።»

«ታዲያ ለአንድ ራስ ይሄ ሁሉ ቀለም?»

«ራሴን አላየኸውም?»

አየው። «ልክ ነህ» ብሎ አንድ ብሩሽ መረቀልኝ።

ሦስተኛው ቀን

ሰልፉ ገና ሦስት ቀን ስለቀረው ምሕረት «እስከዚያ አባዬ ጋ ይረፉ» አለችኝ። ወላጆቿ ከቦንጋ ወጣ ብላ ባለችው ማንኪራ ናቸው፤ ጫካ ውስጥ ቡና ይለቅማሉ፣ ንብ ያንባሉ። አባቷ ጋሽ ኃይሌ ሊወስዱኝ መጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው፤ ግራ ጉልበታቸው ትንሽ ያነክሳል። መንገዱ ሲያልቅ በእግር ነው። እኔ ለበዓሉ ብዬ ያስወለወልኩትን ባለ ሹል አፍ ጫማ ነበር ያደረግኩት። መቶ እርምጃ ሳልሄድ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ሄጄ ደግሜ ተቀመጥኩ። ጋሽ ኃይሌ ቆመው ጠበቁኝ። ዱላ ቆርጠው ሰጡኝ፣ ሻንጣዬን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ተሸከሙ፣ ከዚያ እኔ እንዳላፍር ይመስለኛል «ዛሬ መንገዱ ክፉ ነው» አሉ። ይኸው ሰውየው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲህ ነበሩ፤ ልብ ብል ኖሮ።

ቤት ስንደርስ ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ጎደሬ ቀቅለው፣ ቆጮ ጋግረው፣ ዳታ የሚሉትን የቃሪያ ማባያ አዘጋጅተው ጠበቁን። አማርኛቸው ጥቂት ናት፤ ግን እያንዳንዷ ቃል ቦታዋን ታውቃለች። ማር በቅጠል አቀረቡልኝ። እኛ አዳማ ማር የምንለው በጣሳ የሚሸጠውን ነው፤ ግማሹ ስኳር ነው፣ ግማሹ እምነት። ይሄን ስቀምስ ለሃምሳ ዓመት ተታልዬ እንደኖርኩ ገባኝ።

ከበላን በኋላ ጋሽ ኃይሌ በጣሪያው ክፈፍ ሥር የተደረደሩ ስምንት ቀፎዎች አሳዩኝ። ቀርከሃ ሰንጥቀው፣ ጠፍረው፣ ውጩን በደረቀ የእንሰት ቅጠል ሸፍነዋቸዋል። ክረምቱን ሙሉ የሠሯቸው ናቸው።

«ዝናቡ ሲያባራ ንቡ ይመጣል» አሉኝ። «ከዚያ በፊት ዛፍ ላይ መውጣት አለባቸው። አሁን ጭስ እየጠጡ ነው። ንብ የምትወደው ቅጠል አለ፣ እሱን እናጨሳለን፤ ሽታው ከገባ እሷም ትገባለች።»

ሁሉንም በቀስታ ነው ያስረዱኝ። እኔ ግን ራሴን እየነቀነቅኩ ትንሿን ቀፎ ነበር የማየው። ክብ ናት፣ ቀላል ናት፣ ዝናብ አትፈራም። በልቤ ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ እየለካኋት ነበር።

አራተኛው ቀን

በማለዳ ከዋጫ ከተማ ሰው መጣ። የእትዬ አስቴር አጎት ሞተዋል። ሁለቱም ለቅሶ ሊሄዱ ተነሱ፤ እዚያ አድረው በማግስቱ ነው የሚመለሱት። እንግዳ ጥለው መሄዳቸው ከሐዘኑ እኩል ከበዳቸው። እትዬ አስቴር ቆጮውን፣ ወተቱን፣ ማሩን ሁሉ የት እንዳለ በጣታቸው አሳዩኝ። ጋሽ ኃይሌ በሩ ላይ ቆመው «ጋሽ ግርማ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው» አሉ።

እኔም ቤቴ አደረግኩት።

እውነቱን ለመናገር ክፉ አላሰብኩም። ትንሿን ቀፎ ሲመለሱ ለምኛቸው ዘውድ አደርጋታለሁ ብዬ ነው ያሰብኩት። ከዚያ «እነዚህን የመሰሉ ደጎች በምን ልካሳቸው?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ስምንት ቀፎ አለ፣ ሦስት ቆርቆሮ ቀለም አለ፣ ሙሉ ቀን አለ፣ አንድ ሠዓሊ አለ። አዳማ ውስጥ ሰው ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ቀጠሮ ይዞ ነው የሚመጣው።

የእንሰቱን ሽፋን ገፍፌ ጣልኩ፤ ቀለም አይዝም። ከዚያ ቀባሁ። አንዱ ላይ አበባ፣ አንዱ ላይ የሚስቅ ንብ፣ አንዱ ላይ ቦንጋንና ባጃጇን። ውስጣቸውንም ቢጫ ቀባሁ፤ ንቡ ሲገባ ብርሃን እንዲያገኝ። ትልቁ ቀፎ ላይ የራሴን ፊት ሣልኩ፤ ባለ አራት ፎቅ ዘውድ ደፍቼ፣ ጥርሴን ገልጬ። በሁሉም ላይ «ግርማ ሥዕል፣ አዳማ» ብዬ ፈረምኩ። መጨረሻ ላይ ቫርኒሽ ደረብኩበት። እንዲቆይ።

ከሰዓት አንዲት ጎረቤት እንጨት ተሸክማ ስታልፍ ቆመች። በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ብዙ ነገር ተናገረች። ወደ ቀፎዎቹ ጠቆመች፣ ወደ ጫካው ጠቆመች፣ ከዚያ አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ያዘች። እኔ ሥራው ትንፋሽ አሳጥቷት ነው ብዬ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እጅ ነሳኋት። ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ሄደች። አድናቂ ሁልጊዜ ቃል ያጥረዋል አልኩ።

አምስተኛው ቀን

እኩለ ቀን ላይ ተመለሱ። ደክሟቸዋል፤ የእትዬ አስቴር ዓይን ቀልቷል። እኔ ቀፎዎቹን ግቢው መሐል በክብ አሰልፌ፣ እጄን አጣምሬ፣ ከጎን ቆሜ እየጠበቅኩ ነበር።

ጋሽ ኃይሌ ቆሙ። አንዱን አነሱ፣ ውስጡን አዩ፣ አስቀመጡ። ሌላውን አነሱ። ስምንቱንም እንዲህ አደረጉ። እትዬ አስቴር የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። እኔ የሐዘኑ ነው ብዬ አለፍኩት።

«እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ብዙ ለፍተዋል» አሉ ጋሽ ኃይሌ።

«ያምራል ወይ?»

«ያምራል።»

ያን ጊዜ ነው ትንሿን የጠየቅኳቸው። «ይውሰዱት» አሉ ወዲያው፤ ሲያስቡ እንኳ አላየኋቸውም። እኔም እጃቸው ስለተፈታልኝ ቀጠልኩ። ትልቁ፣ የእኔ ፊት ያለበት፣ ዛፍ ላይ ሲሰቀል ፎቶ ላነሳ ፈለግኩ። ከቤቱ በላይ አባታቸው ሲሰቅሉበት የኖሩ ትልቅ ዛፍ አለ፤ ከሁሉም ብዙ ማር የሚገኘው እሱ ላይ ነው። «እሱ ላይ ቢሆን ነው ደስ የሚለኝ» አልኩ።

እትዬ አስቴር በካፊኖኖ አንድ ነገር አሉ። አጭር ነበር። ጋሽ ኃይሌ ገመዳቸውን ይዘው ሄዱ። በዚያ ጉልበታቸው ዛፉን ወጡ። ሁለት ቦታ ላይ ቆመው ግንዱን አቅፈው አረፉ። እኔ ከታች «ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ፊቱ ወደ እኔ ይዙር» እያልኩ አሥራ አራት ፎቶ አነሳሁ።

ሲወርዱ ጉልበታቸውን ይዘው ሥሩ ላይ ተቀመጡ። «ጥሩ ወጣ?» ብለው ስለ ፎቶው ጠየቁኝ።

ስድስተኛው ቀን

ቦንጋ ሜዳው ሞልቷል። ፈረሰኛው፣ ጦርና ጋሻ የያዘው፣ ከየወረዳው በቡድን የሚጨፍረው፣ ጥልፍ ለብሰው እጅ ለእጅ የተያያዙ ሴቶች። እንደነሱ ልብስ የሚያምርበት ሕዝብ አላየሁም፤ ደግሞ ልብሱን የሚለብሱት የአያታቸው ስለሆነ ነው። የእኔ የመጋረጃ ነው። ግን የሲዲዎቹ ብልጭታ ሌላ ነገር ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ፈረሶቹ ሳይቀሩ ዞረው አዩኝ። ዘውዷ ጭንቅላቴ ላይ ልክክ ብላለች።

ወጣቶች «ንጉሥ፣ ንጉሥ» እያሉ ከበቡኝ። ከሃምሳ ሰው በላይ ፎቶ አብሮኝ ተነሳ። የኮሚቴው ሰውዬ በድምፅ ማጉያ «ከአዳማ ድረስ የመጡ አርቲስት» ብሎ ሲያስተዋውቀኝ ሜዳው ሁሉ አጨበጨበ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የጠበቅኳት ጭብጨባ ነች፤ አልዋሽም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ዳር ላይ ጋሽ ኃይሌን አየኋቸው። ዱላ ተደግፈው፣ ዱላውን ብብታቸው ውስጥ አድርገው ያጨበጭባሉ። እትዬ አስቴር አጠገባቸው ናቸው። እጃቸው ነጠላቸው ውስጥ ነው።

ሰልፉ ሲበተን ሸምሱ ከሱቁ በረንዳ «ንጉሥ፣ ና ሻይ ጠጣ» ብሎ ጠራኝ። ዘውዷን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሻይ ሊቀዳ ጎንበስ እንዳለ ቆመ። ቴርሞሱን አስቀመጠ። ዘውዷን አገላበጣት፣ ውስጧን አየ፣ አሸተታት።

«ይሄ ቀፎ ነው» አለ።

«ነበር። አሁን ዘውድ ነው።»

«የማን ቀፎ?»

«የጋሽ ኃይሌ። ሰጡኝ'ኮ። የቀሩትን ሰባቱንም አሳምሬላቸዋለሁ።»

«በእኔ ቀለም?»

«በአንተ ቀለም። ስምህን አልጻፍኩም፣ አትቆጣ።»

«ውስጡንም ቀባኸው?»

«ሥራ በግማሽ አልወድም።»

ሸምሱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እስከዚያ ድረስ ሲስቅ እንጂ ኮስተር ሲል አይቼው አላውቅም።

«ጋሽ ግርማ፣ ንብ እኮ ሽቶ የተቀባ ሰው እንኳ አትወድም። ቀለም የሸተተ ቀፎ ውስጥ በሦስት ዓመትም አትገባም። ጋሽ ኃይሌ አልነገሩህም?»

«ያምራል ነው ያሉኝ።»

«ምን ይበሉህ ታዲያ? የቤታቸው እንግዳ ነህ።» ዘውዷን ወደ እኔ ገፋት። «የዘንድሮው ማር ለምን እንደሆነስ ታውቃለህ? ከፋሲካ በኋላ ምሕረት ታገባለች። የሠርጓ ጠጅ ከእነዚያ ቀፎዎች ነበር የሚጣለው። የማንኪራ አባት ለልጁ ሠርግ ማር ከሱቅ አይገዛም። እኔ ከእሳቸው ስገዛ ነው የኖርኩት፤ ለእሳቸው ሸጬ አላውቅም።»

ሻዩን አልጠጣሁትም። ካባዬን ላወልቅ ብል ሲዲዎቹ ይንኳኳሉ። በዚያ በረንዳ ላይ በፀጥታ ማውለቅ አልቻልኩም፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እየዞረ ያየኛል፣ «ንጉሥ» እያለ ሰላምታ ይሰጠኛል።

ሰባተኛው ቀን

ምሕረትን አግኝቼ «ታውቂ ነበር?» አልኳት። ከሰልፉ በፊት በስልክ ሰምታለች። «አባዬ 'እንዳትነግሪያቸው፣ በዓላቸው ነው' አለኝ» አለች። በዓላቸው። የሕዝቡ ሁሉ በዓል እያለ የእኔን ነው የጠበቁልኝ።

አብረን ወደ ማንኪራ ሄድን። በዚህ ጊዜ ስወድቅ አላሳቀኝም። ጋሽ ኃይሌ ደጃፍ ላይ ጉልበታቸውን በቅጠል አስረው ተቀምጠዋል፤ አብጧል። ሲያዩኝ ሊነሱ ሞከሩ። ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ተንበርክኬ ስል እውነት ተንበርክኬ ነው፤ ቀልደኛ ሰው ሲንበረከክ የሚያምነው የለም፣ እሳቸው ግን ደንግጠው በትከሻዬ አነሱኝ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ሰው ቀኑን ሙሉ ለእኔ ብሎ ደክሞ እንዴት ብዬ እነግራለሁ? ቀፎ እንደገና ይሠራል።»

«ንቡስ ይጠብቃል?»

ጉልበታቸው ላይ የታሰረውን ቅጠል ያስተካክሉ ጀመር።

እትዬ አስቴር ከውስጥ ወጡና በካፊኖኖ ተናገሩ። ምሕረት ወደ መሬት እያየች «እማዬ... እንኳን ደህና መጡ ብላለች» አለች።

«ምሕረት፣ እውነቱን።»

ልጅቷ እናቷን አየች። እናቷ በአገጫቸው «ንገሪያቸው» አሏት።

«ንብ ከሰው ትሻላለች ነው ያለችው። የማትወደው ቤት ሲያጋጥማት ዝም ብላ ታልፋለች። እኛ ግን እንግዳ ማለፍ አንችልም።»

ቢላዋ ለምኜ ስድስቱን ቀፎ ስፍቅ ዋልኩ። ቀለሙ ከውጭ ይነሳል፤ ከቀርከሃው ክሮች መካከል ግን አይወጣም። ቫርኒሹ ደግሞ እንዲቆይ ብዬ ነው የደረብኩት፤ ሥራዬ ጥሩ ነበር፣ ቆየ። ብዙ ከፋቅኩ በኋላ አሸተትኩት። ያው የታፔላ ቤቴ ሽታ ነው።

ስምንተኛውና ዘጠነኛው ቀን

ለሁሉም ጊዜ አልነበረም። ዝናቡ መሳሳት ጀምሯል። ጋሽ ኃይሌ ለአባታቸው ዛፍ አንድ አዲስ እንሥራ አሉ። እሳቸው ተቀምጠው ይጠፍራሉ፣ እኔ ቀርከሃ እሰነጥቃለሁ። ለሠላሳ ዓመት ብሩሽ የያዘ እጅ ቀርከሃ አያውቅም፤ የመጀመሪያው ቀን መዳፌን ሁለት ቦታ ቆረጥኩት። እትዬ አስቴር አጥበው፣ ጨርቅ ቀደው አሰሩልኝ፤ ሲያስሩ ትንሽ ጠበቅ አድርገውታል። ምሳ ሰዓት ላይ ከሁሉም በፊት ለእኔ ነው የቀረበው። ከማንም በላይ ሥራ ያበላሸው ሰው ከማንም በፊት ሲበላ ምግቡ ምን ምን እንደሚለው ሞክሩት።

በማግስቱ ቀፎው አለቀ። ገና ትኩስ ነበር፣ ጭሱን በቅጡ አልጠጣም። «ትንሽ አነሰው» አሉ ጋሽ ኃይሌ፤ ከዚያ የእኔን ፊት አይተው «ግን ይበቃዋል» አሉ።

እሳቸው መውጣት ስለማይችሉ ያቺ አፍንጫዋን ይዛ የነገረችኝ ጎረቤት ባሏን ላከችልን። እሷም መጣች። ሌሎችም መጡ፤ ሰባት ስምንት ይሆናሉ። ሰውየው ወጣ፣ የእኔን ቀፎ በገመድ አስሮ ለቀቀው፣ እኔ ከታች ገመዱን ይዤ አወርዳለሁ። ቀፎው አየር ላይ መዞር ጀመረ። ፊቴ ዘውድ ደፍቶ፣ ጥርሱን ገልጦ፣ ቀስ እያለ ይዞራል፤ አንዴ ለእነዚህ ይስቃል፣ አንዴ ለእነዚያ ይስቃል፣ ከዚያ ዞሮ ለእኔ ይስቃል። ቶሎ እንዳላወርደው ገመዱ ዛፍ ላይ ካለው ሰውዬ ወገብ ጋር ታስሯል፤ ብቸኩል እሱንም እጎትተዋለሁ። ከተሰበሰበው ሰው አንድም አልሳቀም። ቢስቁልኝ ምን ነበር።

መሬት ሲደርስ ፊቱን ወደ ታች አድርጌ አስቀመጥኩት። ያልተቀባው ቀፎ ወጣ።

ከሰዓት ስሄድ ጋሽ ኃይሌ እስከ ግቢው በር ሸኙኝ፤ ከዚያ በላይ ጉልበታቸው አልቻለም። እትዬ አስቴር ማር በቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ። ያለፈው ዓመት የተረፈ ነው። አልቀበልም ብል ቅር ሊላቸው ነው፤ ብቀበል እንዴት ልዋጠው? ተቀበልኩ። ቦንጋ ስደርስ ለሸምሱ «ለሠርጉ አስቀምጥልኝ» ብዬ ሰጠሁት። ሸምሱ ማሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ምንም ሳይቀልድ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። የመልስ መንገዱን አልጽፈውም፤ መስኮት መስኮቱን እያየሁ ነው የመጣሁት።

ባለፈው ሳምንት ደወልኩ። ጋሽ ኃይሌ ናቸው ያነሱት። ጤናዬን ጠየቁ፣ የቤተሰቡን ጠየቁ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቁ።

«ንቡስ ገባ?» አልኳቸው።

«ገባ፣ ገባ። ሞልቷል።»

ደስታዬ አፌ ላይ ደርሶ ቆመ። እኚህን ሰው አሁን አውቃቸዋለሁ። ያበጠ ጉልበት ይዘው «ጥሩ ወጣ?» ብለው ስለ ፎቶዬ የጠየቁኝ ሰው ናቸው።

«ጋሽ ኃይሌ፣ እባክዎ እትዬ አስቴርን ያገናኙኝ።»

ስልኩ እጅ ሲለውጥ ሰማሁ።

«እትዬ አስቴር፣ ንቡ ገባ?»

«አልገባም» አሉ።

«ሌላ ቀፎስ?»

«ጊዜ አለፈ። ማር ከሸምሱ እንገዛለን።» ከዚያ ጨመሩ፦ «ኃይሌ ሰው ማሳዘን አይችልም። እኔ እችላለሁ።»

አመሰገንኳቸው። ሌላ የምለው አጥቼ «በምን ልካስ?» አልኩ፤ ልክ ያኔ በባዶ ቤታቸው ቀለም ይዤ እንዳልኩት። አፌ ላይ ሳለ አፈርኩ።

እትዬ አስቴር ቃል ሲፈልጉ ቆዩ። ከዚያ ጥርት ባለች አማርኛ «ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው» አሉ። «ይምጡ። ባዶ እጅዎን ይምጡ።»